የጥንት ገበሬዎችን መንደር በወሎ ፍለጋ፦ አንድ ጥያቄና ሃያ ዘጠኝ መልሶች

በወሎ የበይነ መረብ መድረክ ላይ ይህን የውይይት ክር የከፈተው በደሴ ከተማ ታሪክ የሚያስተምርና በመድረኩ ላይ አዝዋ ገደል በሚል ስም የሚታወቅ መምህር ነው። ለአባላቱ ሰላምታ ካቀረበ በኋላ ያነሳው ጥያቄ ቀላል ይመስል ነበር። ላሊበላ ዋሻ ተብሎ በሚጠራ ስፍራ የዛሬ 2,500 ዓመት ገደማ የኖሩ ገበሬዎች የተዉት ገብስና ሽምብራ በቁፋሮ መገኘቱን ማንበቡን ገልጾ፣ ዋሻው ከላሊበላ ከተማ ምን ያህል እንደሚርቅ፣ ለመግባት ፈቃድ ያስፈልግ እንደሆነና ተማሪዎችን የጫነ አውቶቡስ የሚደርስበት መንገድ መኖሩን ጠየቀ። ከዚህም ሌላ ጽሕፈት ከመታወቁ በፊት ያረሱና የከተሙ ሰዎች የኖሩበት፣ ፍርስራሹ በዓይን የሚታይ መንደር በወሎ ምድር ካለ እንዲጠቁሙት ለመነ። በመጨረሻም፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ የአገራችን እርሻ የተጀመረው በወሎ ደጋ ላይ ለመሆኑ አንዳች ጥርጥር እንደሌለው አከለበት። ከጥያቄው ይልቅ ብዙ ሰው ያነጋገረችው ይህች ጭማሪ ናት።

መልሶቹን እንዳሉ ከመገልበጥ ይልቅ በተራ ቁጥራቸው እየጠራሁ ፍሬ ነገራቸውን በራሴ አባባል ማስቀመጥን መርጫለሁ። አንዳንዱ መልስ ከምርቃት አያልፍም፤ አንዳንዱ ደግሞ በስልክ ላይ ለማንበብ ትዕግሥት የሚጠይቅ ነው።

1ኛው መልስ ጦሳ ከሚባል አባል የመጣ ነው። መምህሩን ስለ ትጋቱ ካመሰገነ በኋላ፣ ይምርሃነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በትልቅ ዋሻ ውስጥ የታነጸ በመሆኑ የእህሉም ዋሻ ከእርሱ ብዙ እንደማይርቅ ገመተ፤ ግምት መሆኑንም አልደበቀም። 2ኛው መልስ ግን ግምቱን እንደ ተረጋገጠ ነገር ወስዶ፣ በዚያ ወገን ሌሊቱ ብርድ ስላለው መምህሩ ተማሪዎቹን ጋቢ እንዲያስይዛቸው መከረ። ክሩ ገና ሁለት መልስ ሳይሻገር አንድ የሌለ ዋሻ ላስታ ውስጥ ተቆፍሮ አድሮ ነበር።

3ኛው መልስ በእርጋታ የቀረበ እርማት ነው። ጸሐፊው የፎገራው ተብሎ የሚጠራ ሲሆን፣ ላሊበላ ዋሻ ስሙ እንጂ ቦታው ከላስታ ጋር እንደማይገናኝ አስረዳ። ዋሻው የሚገኘው ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ፣ በቀድሞው አጠራር በጌምድር በሚባለው አገር ነው። በ1960ዎቹ መጨረሻ፣ በአውሮፓ አቆጣጠር፣ ጆአን ዶምብሮውስኪ የተባሉ ተመራማሪ ይህንኑ ዋሻና ናቻቢየት የሚባለውን ሌላ ዋሻ ቆፍረው የገብስ፣ የሽምብራና የሌሎች ጥራጥሬዎች ቅሪት፣ ከዚያም ጋር የከብትና የበግ ወይም የፍየል አጥንት አግኝተዋል። ዕድሜውም መምህሩ እንዳለው ከክርስቶስ ልደት በፊት ወደ 500 ዓመት ገደማ የሚደርስ ነው። የፎገራው አንድ ሌላ ነገርም ጨመረ፤ ዋሻ ሰው የተጠለለበት ወይም እህል ያኖረበት ስፍራ ሊሆን ይችላል እንጂ መንደር አይደለም፤ ስለዚህ መምህሩ ዋሻውን ቢያገኘውም የሚፈልገውን ፍርስራሽ አያገኝበትም።

ክሩ የተበላሸውም የተሻሻለውም ከዚህ በኋላ ነው። 4ኛው መልስ ዳውንት ከሚባል አባል መጣ፤ ቁጣ የተሞላበት ነበር። የወሎ የሆነውን ሁሉ ለሌላ አገር መስጠት የቆየ ልማድ እንደሆነ አማረረ፤ ስለ ዋሻው ግን አንድም ማስረጃ አላቀረበም። 5ኛው መልስ የድሮው መምህር የሚባሉ፣ ሌሎቹ ጋሼ እያሉ የሚጠሯቸው አዛውንት ናቸው። የቦታ ስም በሁለት አገር መደጋገሙ በኢትዮጵያ እንግዳ ነገር እንዳልሆነ አስታውሰው፣ ዳውንትንም ልጄ ብለው ረጋ እንዲል መከሩት። በ6ኛው መልስ መምህሩ ለፎገራው ምስጋናውን አቅርቦ፣ ጥያቄው ከእንግዲህ የወሎው ብቻ መሆኑን ገለጠ። ስለ እርሻ መጀመሪያ የተናገረውን ግን አላነሳም፤ አልመለሰምም።

7ኛው መልስ ወደ ሾንኬ አመላከተ። ከከሚሴ ወዲያ፣ ተራራ ላይ የተሠራው የአርጎባ መንደር፣ በድንጋይ የተካቡት ቤቶቹና የቆየው መስጊዱ ለተማሪዎች ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ነገር እንደሌለ ተናገረ። 8ኛው መልስ ተቃወመ፤ ተቃውሞውም ሁለት ገጽ ነበረው። አንደኛ፣ የሾንኬ መስጊድ ከ900 ዓመት በላይ ነው የሚባለው ቢታመን እንኳ እስልምና ከገባ በኋላ የተሠራ ስለሆነ ጽሕፈት ካልነበረበት ዘመን ጋር አንድ ላይ አይቆጠርም። ሁለተኛ፣ ሾንኬ ፍርስራሽ አይደለም፤ ሰው ይኖርበታል፤ ሽማግሌዎቹን ሳያስፈቅዱ አንድ አውቶቡስ ተማሪ ይዞ መውጣት የሰው ጓዳ ሳይጠሩ እንደ መግባት ነው። 9ኛው መልስ እዚያው መንደር ስለ ተደረገለት መስተንግዶና ስለ ጠጣው ቡና በሰፊው አወራ፤ ደስ የሚል ወሬ ነው፣ ለጉዳዩ ግን አይጠቅምም።

10ኛው መልስ የአርዲቦ ልጅ የሚባል አባል የጻፈው ነው። ክሩን ለማንበብ ጊዜ የሌለው ሰው ይህን ብቻ ቢያነብ አይከስርም። ሐሳቡ የመንደሩን ፍርስራሽ በየብስ ካጣችሁ ገበሬዎቹ የተዉትን ምልክት ከውኃ ሥር ፈልጉ የሚል ነው። ከደሴ በስተሰሜን የሚገኘው የሐይቅ ከተማ ሐይቅና ጎረቤቱ አርዲቦ ክረምት በመጣ ቁጥር ከዙሪያ ገባቸው አፈር፣ ቅጠል፣ የእሳት ከሰልና ከአበባ የሚበን ብናኝ ይቀበላሉ፤ ይህም ሁሉ ወደ ታች ወርዶ በየዓመቱ አንዱ በአንዱ ላይ ይነጠፋል። ተመራማሪዎች ረጅም ቱቦ ወደ ሐይቁ ወለል ሰድደው ጭቃውን እንዳለ፣ ንብርብሩ ሳይፋለስ ያወጡታል። ከየንብርብሩ ጥቂት ቆንጥረው አፈሩን በአሲድ ካጠቡለት በኋላ የሚቀረውን ብናኝ በማጉያ መነጽር ያዩታል። የአርዲቦ ልጅ ይህን ያወቀው ሥዕሉን በማየት ነው፤ የዝግባ ብናኝ ግራና ቀኝ ሁለት የአየር ከረጢት አለው፣ በነፋስ የሚበረውም በዚያ ነው፤ ይህን ቅርጽ አንድ ጊዜ ያየ ሰው ከሌላው አያምታታውም።

ኢያን ዳርቢሻየር፣ ሄንሪ ላምብና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው መሐመድ ዑመር ከሁለቱም ሐይቆች የተገኘውን ጭቃ መርምረው ውጤቱን በ2003፣ በአውሮፓ አቆጣጠር፣ አሳትመዋል። ጭቃው ያሳየው ታሪክ ይህ ነው፤ እስከ ዛሬ 2,500 ዓመት ገደማ ድረስ አገሩ የዝግባና የጥድ ደን ነበር። ከዚያ በኋላ የደን ዛፎቹ ብናኝ እየሳሳ ክትክታና ሣር ቦታውን ያዙ፤ ይህም ሁኔታ ለ1,800 ዓመት ያህል ቆየ። ከ1400 እስከ 1700 ዓመተ ምሕረት ባለው ጊዜ፣ አሁንም በአውሮፓ አቆጣጠር፣ ጥዱ ከወይራ ጋር ተመልሶ በረከተ፤ ባለፉት ሦስት መቶ ዓመታት ደግሞ እንደገና ተመነጠረ። የአርዲቦ ልጅ ከዚህ ተነሥቶ፣ ደኑ መጀመሪያ የሳሳበት ጊዜ የፎገራው ከጠቀሰው የዋሻ እህል ዘመን ጋር መቀራረቡን አስተዋለ። ሁለቱ አንድ ሕዝብ ናቸው ብሎ ግን አልደፈረም፤ ይህ ቁጥብነቱ ከብዙዎቹ መልሶች ለይቶታል። ለመምህሩም የሚጠቅም ምክር አልነሳውም፤ ተማሪዎቹን ሐይቁ ዳር አቁሞ ዙሪያውን ሲያሳያቸው፣ ዳገቱ ላይ የቀረውን ክትክታና ኋላ የመጣውን ባሕር ዛፍ ለይተው ቢያውቁ፣ ከዚያም ከእግራቸው ሥር ካለው ውኃ በታች ስንት ዘመን እንደ ተነባበረ ቢነገራቸው፣ ይህ ከማንኛውም የታጠረ ፍርስራሽ የማይተናነስ ጉብኝት እንደሚሆን ጻፈ።

እኔ በበኩሌ በዚህ መልስ ላይ አንድ ነገር ብቻ እጨምራለሁ። ስለ ሐይቅ ስናነሣ ብዙዎቻችን የምናስበው እስጢፋኖስ ገዳምንና በ13ኛው መቶ ዘመን የነበሩትን አባ ኢየሱስ ሞዓን ነው። ገዳሙ ሲመሠረት በዙሪያው ያለው አገር ከ1,500 ዓመት በላይ ሲታረስና ሲጋጥ ኖሮ ሊሆን እንደሚችል ስናስብ፣ እኛ ጥንታዊ የምንለው ነገር መሃል ላይ እንጂ መጀመሪያ ላይ እንዳልሆነ ይገባናል።

11ኛው መልስ ተገቢ ጥያቄ አነሣ፤ ደኑን ያጠፋው ሰው እንጂ ድርቅ ላለመሆኑ ምን ማስረጃ አለ? 12ኛው መልስ እንደገና የአርዲቦ ልጅ ነው። ተመራማሪዎቹ ብናኙን ብቻ ሳይሆን በየንብርብሩ ያለውን የከሰል ብዛትም አብረው እንደሚያነቡ፣ ክትክታም በተመነጠረና በተቃጠለ መሬት ላይ ቀድሞ የሚበቅል በመሆኑ ወደ ሰው እጅ እንደሚያመለክት ገለጸ። የዝናቡ ነገር ከሐሳቡ ጨርሶ እንደማይወጣም አመነ፤ ጥዱ ለተመለሰበት ዘመን የዝናብ መጨመርና በሰው አሰፋፈር ላይ የመጣ ለውጥ በምክንያትነት ይነሣሉና።

13ኛው መልስ ቦርከና በሚል ስም የቀረበ ሲሆን ድምፁ ሻከር ያለ ነው። መምህሩ የጠየቀው መንደር መሆኑን፣ ጭቃና ብናኝ ግን ግድግዳም ምድጃም እንደሌለው፣ ተማሪም ውኃ አይቶ ሲመለስ ታሪክ አየሁ እንደማይል ተናገረ። ነገሩ እውነትነት አለው። ከ10ኛው መልስ በኋላ የመጣ በመሆኑ ብቻ ብዙ ሰው ተቆጣው እንጂ፣ ጥያቄውን ከመምህሩ ይልቅ በትክክል ያስቀመጠው እርሱ ነው።

14ኛው መልስ ደግሞ ለቦርከና በተዘዋዋሪ መልስ ሆነ። የኮምቦልቻዋ በሚል ስም የምትጽፈው አባል ለብዙ ዓመታት አማን፣ ዮርዳኖስ ውስጥ በሰው ቤት ሠርታለች። አንድ የዕረፍት ቀን አሠሪዎቿ ልጆቻቸውን ወደ ዮርዳኖስ ሙዚየም ሲወስዱ እርሷም አብራ ሄዳ፣ አይን ጋዛል ከሚባለው የጥንት ገበሬዎች መንደር የወጡትን ምስሎች አየች። ምስሎቹ ከታሰረ ሸምበቆ ላይ ኖራ ተለስኖ የተሠሩ ናቸው፤ ዓይናቸው ዙሪያውን በጥቁር ሬንጅ ተኩሏል፤ ከመካከላቸውም አንድ ደረት ላይ ሁለት ራስ የተተከለላቸው አሉ። ዕድሜያቸው ወደ 9,000 ዓመት የሚጠጋ ሲሆን የተገኙትም በ1983 እና በ1985፣ በአውሮፓ አቆጣጠር፣ ነው። የመንደሩ ሰዎች ስንዴ፣ ገብስ፣ ምስርና ሽምብራ ያመርቱ፣ ፍየልም ያረቡ ነበር። የኮምቦልቻዋ በምስሎቹ ተገርማ ቦታውን ለማየት ጓጓች፤ ሌላ ቀን በታክሲ ስታልፍ ሹፌሩ አሳያት። ያየችው ግን በሽቦ የታጠረ ገደልማ መሬት፣ መኪና የማያባራበት አውራ ጎዳናና መንገዱ ሲጠረግ በተቆረጠው አፈር ላይ የሚታዩ ድንጋዮችና ቀጫጭን ነጭ መስመሮች ብቻ ነው። ነጩ መስመር የቤት ወለል የተለሰነበት ኖራ መሆኑን ያወቀችው ኋላ አንብባ ነው። መንደሩ መጀመሪያ የታወቀውም በ1970ዎቹ ያ መንገድ ሲሠራ ነው። ለቦርከና የነገረችው እንግዲህ ይህን ነው፤ ግድግዳና ምድጃ ያለው ትልቅ መንደር እንኳ ሲጎበኙት ይህን ይመስላል፤ የሚታየው ነገር ወደ ሙዚየም ሄዷል፣ ቦታው ላይ የቀረው ደግሞ የሚያነበው ሰው ይፈልጋል።

15ኛው መልስ በብሪታንያ የሚኖር የወልዲያ ልጅ ነው። በኦርክኒ ደሴቶች የሚገኘውን ስካራ ብሬን ማየቱንና ይህ መንደር ከ14ኛው መልስ በተቃራኒ ሁሉም ነገር በቦታው የቀረበት መሆኑን ተረከ። በ1850፣ በአውሮፓ አቆጣጠር፣ የተነሣ ማዕበል የባሕሩን ዳር አሸዋ ሲገፍፈው የታየው ይህ መንደር ወደ 5,000 ዓመት የሚጠጋ ዕድሜ አለው፤ ነዋሪዎቹ ገብስ ያበቅሉ፣ ከብትና በግ ያረቡ ነበር። በደሴቶቹ ላይ እንጨት እምብዛም ስላልነበረ የቤት ዕቃቸውን ሳይቀር ከጠፍጣፋ ድንጋይ ሠርተዋል፤ ስለዚህም መደርደሪያቸው፣ መሃል ላይ ያለው ምድጃቸውና በግድግዳው ጥግ የተሠራው መኝታቸው አልጠፋም። መኝታው ከአያቱ ቤት መደብ ጋር ቁርጥ አንድ እንደሆነበትም ጻፈ። ጎብኚው ወደ ቤቶቹ አይገባም፤ ከላይ በተሠራ መንገድ እየዞረ ቁልቁል ያያል።

16ኛው መልስ ያው ቦርከና ነው፤ በዚህ ጊዜ ግን ነገሩን አከረረው። መድረኩ የወሎ እንጂ ፓስፖርት ያላቸው ሰዎች የሚፎካከሩበት አለመሆኑን ተናገረ። 17ኛው መልስ ከኮምቦልቻዋ መጣ፤ አጭር ነበር፣ ግን ቆረጣ ነበረው። አማን የሄደችው ለጉብኝት ሳይሆን የሰው ወለል ለመጥረግ መሆኑን፣ ፓስፖርቷም ለብዙ ጊዜ በእጇ እንዳልነበረ ገልጻ፣ ያየችውን ለአገሯ ልጆች መናገር ነውር ከሆነ ቦርከና እንዲነግራት ጠየቀችው። ቦርከና መልስ አልሰጠም።

18ኛው መልስ ወደ ጉዳዩ ለመመለስ ሞከረ። በአይን ጋዛል ኖራ ለማቃጠል የተቆረጠው እንጨትና የፍየሉ ብዛት በዙሪያው ያለውን አገር አራቁቶት መንደሩ እንዲዳከም አድርጎታል የሚል ሐሳብ ተመራማሪዎች ማቅረባቸውን ጠቅሶ፣ በሐይቅ ዙሪያ የሆነውም ይኸው ነው ብሎ ደመደመ። 19ኛው መልስ የመጀመሪያው ገና የሚያከራክር ሐሳብ መሆኑን፣ በዚያ አገር የአየር ጠባይ ለውጥም እንደሚነሣ፣ ሁለተኛው ደግሞ በሐይቅ ጭቃ ውስጥ ማንም ያላየው ነገር መሆኑን አስገነዘበ። ከዚያ የዘንድሮው በልግ እንዴት እንደሆነ መጠያየቅ ጀመሩ፤ ይህን እዘለዋለሁ።

20ኛው መልስ በእኔ ግምት ከ10ኛው ቀጥሎ የሚነበብ ነው። የጁ በሚል ስም የሚጽፈው ይህ አባል በተማሪነት ዘመኑ በምሥራቅ ትግራይ፣ በጉሎ መኸዳ ወረዳ፣ መዝብር በሚባለው ስፍራ በተደረገው ቁፋሮ ተሳትፏል። መዝብር ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ1600 ገደማ ጀምሮ ሰው የኖረበት የገጠር መንደር ነው፤ ከአክሱም መንግሥት በብዙ መቶ ዓመታት ይቀድማል ማለት ነው። በካትሪን ዳንድሪያ የሚመራው የካናዳው ሳይመን ፍሬዘር ዩኒቨርሲቲ ቡድን በዚያ ካገኛቸው ነገሮች መካከል ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ820 እስከ 595 ባለው ጊዜ ውስጥ የሚወድቅ የዶሮ አጥንት ይገኛል፤ ውጤቱ ሲታተም በአፍሪካ ከታወቁት የዶሮ አጥንቶች ሁሉ ቀዳሚ ተብሎ ነበር።

የጁ ግን ስለ ዶሮው ብዙ አላለም። የገረመው የእህሉ አወጣጥ ነው። ከየንብርብሩ የተወሰደ አፈር በውኃ በተሞላ በርሜል ውስጥ ቀስ ተብሎ ይፈሳል፤ አፈሩና ድንጋዩ ሲሰጥም በጥንት ምድጃ ውስጥ የከሰለው ፍሬ ቀላል ስለሆነ ይንሳፈፋል፤ የተንሳፈፈው በጥሩ ወንፊት ተጠልሎ በጨርቅ ይቋጠርና ጥላ ውስጥ እንዲደርቅ ይሰቀላል፤ ፀሐይ ከመታው ይሰነጠቃልና። ከዚያ በኋላ አንድ ሰው ተቀምጦ ከማጉያ መነጽር ሥር ጥቁሩን ብናኝ በቀጭን ብሩሽ አንድ በአንድ ይለያል። ስፋቱ አንድ ሚሊ ሜትር የማይሞላው ጤፍ በተራ ወንፊት ሾልኮ እንደሚጠፋና በድሮ ቁፋሮዎች እምብዛም ያልተገኘበት አንዱ ምክንያት ይህ እንደሚሆን አስረዳ። ለመምህሩም ሁለት ነገር አሳሰበው፤ እህል 2,000 እና 3,000 ዓመት የሚቆየው ስለ ተቃጠለ ነው፤ ያልተቃጠለው ወይ ተበልቷል ወይ በስብሷል። ደግሞም ወሎ ውስጥ እንዲህ ያለ መንደር እስካሁን ተከፍቶ ለጎብኚ አለመዘጋጀቱ መንደሩ አልነበረም ማለት አይደለም፤ ማንም በዚህ ዓይነት በርሜልና ወንፊት አልፈለገውም ማለት ሊሆን ይችላል።

21ኛው መልስ የመምህሩን የመጀመሪያ ጭማሪ መልሶ አመጣ። ገብስ፣ ስንዴ፣ ምስርና ሽምብራ ለማዳ የሆኑት በቅርብ ምሥራቅ ስለሆነ፣ ለአገራችን ገበሬ የደረሱት ከውጭ ነው፤ ጤፍና ኑግ ግን የእኛው ደጋ ውጤቶች ናቸው። ማሽላም ቢሆን ለማዳ ወደ መሆን ሲሸጋገር የታየበት የታወቀው ቀዳሚ ማስረጃ ከምሥራቅ ሱዳን ቆላ የተገኘ ሲሆን፣ የታወቀውም በፍሬው ሳይሆን ገለባው በሸክላ ስባሪ ላይ በተወው አሻራ ነው። ስለዚህ እርሻ በአንድ አገር፣ በአንድ ደጋ ላይ ተጀመረ ማለት አይቻልም። 22ኛው መልስ ዳውንት ነው፤ ጤፍ ከወሎ አለመነሣቱን የሚያረጋግጥ ሰው ካለ ይምጣ ብሎ ተሟገተ። ማስረጃ የማቅረቡ ግዴታ የማን እንደሆነ ተምታቶበታል፤ ያም ሆኖ የሚያነሣሣ ጥያቄ ነበር።

23ኛው መልስ ለዳውንት የጎበድራን ታሪክ ነገረው። አክሱም አጠገብ ባለው በዚህ የድንጋይ ጥላ ሥር ዴቪድ ፊሊፕሰን በ1974፣ በአውሮፓ አቆጣጠር፣ ሲቆፍሩ የዳጉሳ ፍሬ አገኙ፤ ፍሬው ከተገኘበት ንብርብር በመነሣትም ከክርስቶስ ልደት በፊት በሺህዎች የሚቆጠር ዕድሜ ተገመተለት። ዜናው በየመጽሐፉ ገባ። ኋላ ግን የፍሬው ዕድሜ ራሱ በቀጥታ ሲለካ እጅግ የቅርብ ሆኖ ተገኘ፤ ከላይኛው አፈር ወደ ታች የገባ ነበር። የ23ኛው ጸሐፊ በዚህ አላበቃም፤ ለአገሩ ክብር ሲል የእህሉን ዕድሜ የሚያስረዝም ሰው ነገ ሲለካበት ክብሩንም አብሮ እንደሚያሳጥር አከለበት። ዳውንት ከዚህ በኋላ አልተመለሰም።

24ኛው መልስ ክሩን ወደ ሌላ አቅጣጫ ወሰደው። አንድ የወረኢሉ ሰው በአባቱ ማሳ ላይ ሞፈርና ማረሻ እየገለበጠ ያወጣቸውን የባልጩት ስንጥሮች፣ የሸክላ ስባሪዎችና አንድ የወፍጮ ድንጋይ ከመጁ ጋር ሰብስቦ ቤቱ ማኖሩን ገለጸ፤ መምህሩ ከፈለገ ለክፍል ማሳያ ሊያመጣለት፣ ለሌላ ሰው ግን ሊሸጠው እንደሚችልም ተናገረ። 25ኛው መልስ ክፉኛ ተቆጣ። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ያለ ፈቃድ መቆፈርን እንደሚከለክልና በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘም ሰው ለሚመለከተው ክፍል ማሳወቅ እንዳለበት ጠቅሶ፣ ሰውየውን ሌባ ከማለት ጥቂት ነው የቀረው። 26ኛው መልስ የወረኢሉ ሰው የራሱ ነው። ድንጋዮቹን ሲያገኝ በቅርቡ ወዳለ አንድ መሥሪያ ቤት ሄዶ ማመልከቱን፣ ባለሙያ ይላክልሃል ተብሎ መመለሱን፣ ከዚያ ወዲህ ሁለት ክረምት መሬቱ መታረሱንና ማንም አለመምጣቱን ጻፈ። ማረሻው በየዓመቱ የሚሰባብረውን አንሥቶ ቤቱ ማኖሩ ጥፋት ከሆነ ጥፋቱን እንዲያሳዩት ጠየቀ።

እዚህ ላይ ሁለቱም ወገን እውነት አለው፤ ቢሆንም ነገሩን የፈታው 27ኛው መልስ፣ ማለትም የጁ ነው። ሸክላና ድንጋይ ከቦታው ከተነሣ ዕድሜው እንደሚጠፋ አስረዳ። ወፍጮና መጅ በወሎ ገጠር እስከ ትናንት ድረስ እህል ሲፈጭባቸው የኖሩ ዕቃዎች ናቸው፤ የወረኢሉው ወፍጮ የ3,000 ዓመት ይሁን የሴት አያቱ ይሁን ከድንጋዩ ብቻ ማወቅ አይቻልም፤ የሚለየው አብሮት ያለው አፈር፣ ከሰልና ሸክላ ነው። ስለዚህ መሸጡን እንዲተው፣ የቀረውን ሳያነሣ በቦታው እንዳለ ከአጠገቡ መለኪያ አስቀምጦ ፎቶግራፍ እንዲያነሣው፣ የማሳውን ቦታ በስልኩ ካርታ ላይ እንዲመዘግበውና ማመልከቻውን በጽሑፍ አድርጎ ግልባጩን እንዲይዝ መከረው፤ ወንድሜ እያለ ነው የጻፈለት። የወረኢሉ ሰውም ለዚህ ምክር ምስጋናውን ገለጸለት፤ 25ኛውን ግን አላነሣውም።

በ28ኛው መልስ መምህሩ እቅዱን አቀረበ። የላስታው ጉዞ ቀርቷል። ተማሪዎቹን ወደ ሐይቅ ይወስዳል፤ ከመሄዳቸው በፊት የተቃጠለና ያልተቃጠለ ገብስ አዘጋጅቶ፣ ሁለቱንም ከአፈር ጋር ለውሶ በባልዲ ውኃ ውስጥ የትኛው እንደሚንሳፈፍ ክፍል ውስጥ ያሳያቸዋል። የሐይቁን ጭቃ ለማውጣት ሐሳብ እንደሌለው፣ በዳገቱ ላይ ክትክታውንና ጥዱን ግን በቅጠላቸው እንዲለዩ እንደሚያደርግ፣ ጠዋት ደርሰው ወደ ገዳሙም ጎራ እንደሚሉ ጻፈ። ስለ እርሻ መጀመሪያ የጻፈው ዓረፍተ ነገር ከመጀመሪያው ጽሑፍ ላይ ተነሥቶ አየሁት፤ መቼ እንዳነሣው አልተናገረም።

29ኛው መልስ ከኮምቦልቻዋ ነው። እቅዱን ወድዳዋለች፤ ነገር ግን ሐይቅ እስጢፋኖስ የወንዶች ገዳም ስለሆነ ሴት ተማሪዎች እንደማይገቡ መምህሩ አስቀድሞ እንዲያውቅ፣ ወንዶቹ ገብተው እስኪወጡ ሴቶቹን ደጅ ከሚያቆማቸው የዛፉን ልየታ ለዚያ ሰዓት ቢያደርገውና ሁሉም ከሐይቁ ዳር አብረው ቢጀምሩ እንደሚሻል አመለከተችው።